ለምትወዱት የፊልም ጀግና እንዴት መከራከር ይቻላል? በጣና ዳር ለሚሰበሰቡ ፊልም ወዳጆች የተዘጋጀ መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ቡና ላይ በተገናኙ ቁጥር ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ከጀግኖች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? አንዱ ራምቦን ይጠራል። የህንድ ፊልም እያየ ያደገው አሚታብ ባቻንን ያስቀድማል። ሦስተኛዋ ደግሞ ሰብለ ወንጌል ያልተጠራችበት ዝርዝር ዝርዝር አይባልም ብላ ትነሣለች። ይህ ክርክር እጅግ ከሚያስደስቱኝ ነገሮች አንዱ ነው፤ የሚያሳዝነኝ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ረትቶ ማለቁ፣ ሌሎቹም የሚወዱትን ሰው ለምን እንደሚወዱት ሳይናገሩ ወደየቤታቸው መሄዳቸው ነው። ስለዚህ በጓደኞች፣ በጎረቤቶች ወይም በቤተሰብ መካከል የፊልም ምሽት እያዘጋጁ፣ በየምሽቱ ስለ አንድ ጀግና በወጉ መከራከር የሚቻልበትን መንገድ ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶችን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መነሻው ጥያቄ

ወደ ምሽቱ የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ጀግናው ባያደርገው ማንም የማይወቅሰው፣ እርሱ ግን ፈቅዶ ያደረገው ነገር ምንድን ነው? መልስ የሚሰጥ ሰው ትዕይንቱን ለይቶ መጥራት ይኖርበታል። «ጎበዝ ነው»፣ «ቆንጆ ናት»፣ «ሲመታ አይምርም» የሚሉ መልሶች አይበቁም፤ ጉልበቱን የሰጠው ደራሲው፣ መልኩንና ድምፁን የሰጠው ተዋናዩ፣ የምቱን ፍጥነት ያሳመረው ደግሞ ኤዲተሩ ሊሆን ይችላልና። ፈቅዶ የገባበት ነገር ግን የገጸ ባሕርዩ የራሱ ነው፤ የምንወደውም በእርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት የጃፓኑ ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 ካወጣው «ሰባቱ ሳሙራይ» የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሌባ ሕፃን ልጅ ይዞ ጎተራ ውስጥ ተሸሽጓል፤ ብትጠጉኝ ልጁን እገድለዋለሁ እያለ ይዝታል። ታካሺ ሺሙራ የሚጫወተው፣ ካምቤይ የተባለ ዕድሜው የገፋ ተዋጊ ወደ ውሃ ዳር ወርዶ ይቀመጥና ጸጉሩን ይላጫል፤ የመነኩሴ ልብስ ተውሶ ይለብሳል፤ ለሌባውና ለልጁ የሩዝ ምግብ ይዞ መነኩሴ መስሎ ወደ በሩ ይጠጋል። በሳሙራይ ዘንድ በአናት ላይ የሚታሰረው ጸጉር የክብር ምልክት ነበር፤ መላጨቱ ትልቅ ነገር ነው፤ መንደርተኛው አፉን ከፍቶ የሚያየውም በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ የካምቤይ ዘመድ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ የሚከፍለው ሰውም የለም፤ መንገዱን ይዞ ቢሄድ ማንም ስሙን በክፉ አያነሣውም ነበር። በፊልሙ ውስጥ ከዚያ በኋላ ብዙ ውጊያና ብዙ ጀብዱ አለ፤ እኔ ግን ካምቤይን የወደድሁት ሰይፉን ሳይመዝ፣ ውሃ ዳር ተቀምጦ ሲላጭ ነው። ቀሪውን ረጅም ታሪክ የምከተለውም ይህን ሰው አምኜ ነው።

አሚታብን ለሚያስቀድሙ ሰዎች ደግሞ ከዚህ የማያንስ ትዕይንት አለ። በ1975 በወጣው «ሾሌይ» ውስጥ አሚታብ የሚጫወተው ጃይ፣ ከጓደኛው ከቪሩ ጋር ባልተስማሙ ቁጥር ሳንቲም እየወረወረ ነገሩን ይቆርጣል። ወደ ፍጻሜው ሽፍቶቹን ለመግታት ከሁለቱ አንዱ ወደ ኋላ መቅረት ሲኖርበትም ሳንቲሙ ይወረወራል፤ ዕጣውም ለጃይ ይወጣል። ቪሩ ሳንቲሙን ገልብጦ የሚያየው ጃይ ከሞተ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ነው። ዕጣ የሚባል ነገር ከቶ አልነበረም ማለት ነው፤ ጃይ ሁልጊዜም ራሱ ይመርጥ ነበር። «አክተር አይሞትም» እየተባባሉ ያደጉ ሰዎች ይህን ፊልም ሲያዩ ለምን እንደሚያለቅሱ ከተጠየቁ፣ ሳንቲሟን ቢያስቡ መልሱን ያገኙታል።

በልጅነታችን በቪዲዮ ቤት ያየናቸው የጉልበት ጀግኖችም በዚሁ ጥያቄ ሲመዘኑ ሌላ መልክ ያወጣሉ። ራምቦን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በመትረየሱ ነው፤ በ1982 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ግን የሚያልቀው ራምቦ በቀድሞ አዛዡ ፊት የሞተ ጓደኛውን እያነሣ አልቅሶ እጁን ሲሰጥ ነው። ሮኪ በ1976 በወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ በዳኞች ውሳኔ ተሸንፏል። በፍልሚያው ዋዜማ ማሸነፍ እንደማይችል አውቆ፣ አሥራ አምስቱን ዙር በእግሩ ቆሞ መጨረስን ብቻ ዓላማው አድርጎ ነበር፤ ያንንም ፈጸመ። ለእነዚህ ሁለቱ የሚከራከር ሰው ጡንቻቸውን ትቶ እነዚህን ሰዓቶች ቢይዝ ክርክሩን የማሸነፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ፊልሙን መምረጥ

ለመጀመሪያው ምሽት ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ጀግና አትምረጡ፤ ሁሉም ፍርዱን ቤቱ ጨርሶ ስለሚመጣ የሚያዳምጥ አይገኝም። የተሻለው ጥቂቶች ብቻ ያዩትን፣ ጀግናውም ትንሽ የሆነበትን ፊልም መምረጥ ነው። በዚህ ረገድ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አስቀድማለሁ። ይህ ፊልም በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ጀግናው ኤፍሬም የተባለ ልጅ ነው፤ እናቱ ሞታበታለች፣ አባቱም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ትቶታል፣ የቀረችውም ጓደኛው ቹኒ የምትባል በግ ናት። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ቆርጧል። ኤፍሬም የሚያውቀው ሙያ ወጥ ቤት መግባት ነው፤ ወንድ ልጅ ምድጃ ዳር መገኘቱ በሚያስነቅፍበት ቤት ሆኖ ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይሸጣል። እዚህ ላይ መነሻውን ጥያቄ አንሡ፦ በዓል ነውና በጓን ቢሰጥ ማን ይወቅሰው ነበር? ለዚያ ምሽት የሚቀርበው መክሰስ ሳምቡሳ ቢሆን፣ የሚጠብሱትም ወንዶቹ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ስለ ኤፍሬም የሚደረገው ክርክር በእጅ ላይ ሊጥ ሲኖር የበለጠ ይገባል።

ቀጥሎ የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ «ድፍረት» ይመጣል። በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል በዓለም አቀፍ የድራማ ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ይህን ፊልም ሁለተኛ ያደረግሁት አንድ ጠቃሚ ልምምድ ስለሚያስተምር ነው፤ እርሱም ሦስት ሰዎችን ለያይቶ መውደድ ነው። የመጀመሪያዋ በገሃዱ ዓለም ያለችው መዓዛ አሸናፊ ናት፤ ከኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራቾች አንዷ የነበረች፣ በ2018ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነች። ሁለተኛዋ ፊልሙ የፈጠራት መዓዛ ናት፤ ለጠለፋ የተዳረገችውን፣ ጠላፊዋን ገድላ የታሰረችውን ልጅ ለማዳን ድርጅቷን ጭምር አደጋ ላይ የምትጥለው ጠበቃ። ሦስተኛዋ ሜሮን ጌትነት ናት፤ በ«ዳና» ተከታታይ ድራማም የምናውቃት ተዋናይት። ፊልሙ ሲያልቅ «መዓዛን ወደድኋት» የሚል ሰው ሁሉ የትኛዋን መዓዛ እንደሆነ ይጠየቅ። የተዋናይቱን ችሎታ ከሆነ የምናደንቀው፣ ዝም ባለችበት ጊዜ ፊቷ ምን እንደሠራ መናገር አለብን። ገጸ ባሕርይዋን ከሆነ፣ የመረጠችውን ነገር እንናገር። ይህ ልምምድ ለሌሎቹም ፊልሞች ሁሉ ይጠቅማል፤ አንድ ተዋናይ ክፉ ሰው ስለተጫወተ መንገድ ላይ ፊት የሚነሡት ሰዎች አሉና፤ ይህ ለሙያው የሚገባ ምስጋና አይደለም።

ቡድኑ ከጠነከረ በኋላ ወደ ኃይሌ ገሪማ መሄድ ይቻላል። ኃይሌ ከጣና በስተሰሜን ባለችው ጎንደር የተወለደ ነው፤ ጀግኖቹም ለእኛ ሩቅ አይደሉም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸው በ1974፣ በዚያ በለውጥ ዋዜማ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ ነው። በፊልሙ ከበበ የሚባል፣ መሬቱን የተነጠቀ ሰው አለ፤ መንደሩ እንደ እብድ ያየዋል፤ እርሱ ግን ሌላው ሰው በልቡ የሚያውቀውን በአደባባይ ይናገራል። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው የሚመጣለት ጉዱ ካሣ ነው። እንግዲህ የዚያ ምሽት ክርክር ተገኘ ማለት ነው፦ ከበበ ወይስ ጉዱ ካሣ? ጉዱ ካሣ ከባላባት ወገን ነው፤ ዝም ቢል ተከብሮ፣ በልቶ ጠጥቶ ይኖር ነበር። ከበበ ግን ዝም ቢልም ባይልም የሚቀርለት ነገር የለም። በመነሻው ጥያቄ ስንሄድ ጉዱ ካሣ ይበልጣል ብዬ እከራከራለሁ፤ ምክንያቱም ዝም ማለት ለእርሱ በጣም ቀላል ነበር። ከበበን የሚያስቀድሙ ሰዎች ደግሞ ምንም የቀረው ነገር የሌለው ሰው ቃሉን አለመሸጡ ይበልጥ ይከብዳል ይላሉ። ይህን ክርክር እስካሁን ማንም አሸንፎ ሲጨርሰው አላየሁም፤ በዚህም ምክንያት ደጋግሜ እመክረዋለሁ።

ፊልሞቹን የምታገኙት በሕጋዊ መንገድ እንዲሆን አደራ እላለሁ። ብዙ የአማርኛ ፊልሞችን ባለቤቶቹ ራሳቸው በዩቲዩብ ይለቅቋቸዋል፤ ኢንተርኔቱ በሚደክምበት ሰዓት እንዳያሳቅቃችሁ ቀን ላይ ሞክራችሁ አረጋግጡ።

ቦታው፣ ዝናቡና መብራቱ

በበጋ ከግቢ የሚሻል ቦታ የለም። ነጭ አንሶላ በሁለት ዛፍ መካከል ወጥራችሁ የታችኛውን ጠርዙን በድንጋይ ወይም በእንጨት አክብዱት፤ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ካልታሰረ አንሶላ ጋር ስለሚጫወት የካምቤይ ፊት ይጨማደዳል። ፕሮጀክተር በደንብ የሚታየው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ለቡናው ተጠቀሙበት፤ የዘጌ ቡና ከተገኘ ደግሞ ሌላ ማማረጥ አያስፈልግም። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ነፍሳትን ይጠራል፤ ራቅ ብሎ አንድ አምፖል ማብራት ብዙውን ወደዚያ ይወስደዋል። የወባ ትንኝ የሚበዛበት ወቅት ከሆነ ግን ቤት ውስጥ መሆን ይመረጣል፤ ልጆች ካሉ በዚህ ላይ አትደራደሩ። ሰው ባጃጅ በሚያገኝበት ሰዓት መበተን ስላለበት ረጅም ፊልሞችን ለሁለት ክፈሏቸው። «ሰባቱ ሳሙራይ» 207 ደቂቃ ነው፤ ዳይሬክተሩ ራሱ መካከል ላይ ዕረፍት አድርጎበታልና ቅዳሜ እስከ ዕረፍቱ፣ እሑድ ደግሞ ቀሪውን ማየት ፊልሙን አይጎዳውም። በማግስቱ ቅዳሴ ለሚሄዱትም እንዲህ ይሻላል።

ክረምት ሌላ ጉዳይ ነው። የባሕር ዳር ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ንግግር የሚባል ነገር አይሰማም፤ ስፒከሩን ማስጮህም መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ቻርሊ ቻፕሊን ነው። ቻፕሊን በ1931 «የከተማ መብራቶች»ን ሲያወጣ ድምፅ ያለው ፊልም ሲኒማ ቤቶችን ከያዘ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እርሱ ግን ጀግናውን አላናገረውም። ስለዚህ ዝናቡ የቱንም ያህል ቢጮህ ከታሪኩ የሚጎድል እምብዛም ነው። የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ የማያነቡ እናቶችና አባቶችም ከማንም እኩል ይስቃሉ፣ ከማንም እኩል ያዝናሉ፤ አልፎ አልፎ የሚመጣውን አጭር ጽሑፍ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ቢተረጉመው ይበቃል። ሰውየው ቤት የለውም፣ ገንዘብ የለውም፤ ዓይነ ስውር ለሆነች አበባ ሻጭ ማሳከሚያ ለማግኘት ሲል ግን መንገድ ይጠርጋል፣ ቦክስ ይገጥማል፣ በኋላም ይታሰራል። ማየት ስትችል መጀመሪያ የምታየው እርሱን እንደማይሆን፣ ብታየውም እንደማታውቀው ያውቃል። የመጨረሻውን ትዕይንት እዚህ አልናገርም፤ እጁን ስትይዘው ብቻ አትናገሩ፣ አትነሡ፣ ስኒም አታንሡ። በመነሻው ጥያቄ ከመዘንናቸው ጀግኖች ሁሉ ያለ ምንም ክርክር የሚያልፈው ይህ ትንሽ ሰው ነው።

መብራት ሲጠፋ ምሽቱ አይበተን። ለዚህ አስቀድማችሁ በስልካችሁ ላይ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሬዲዮ ትረካ ጭናችሁ ቆዩ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በሬዲዮ የተረከው ወጋየሁ ንጋቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ ሰጥቶ ለብዙ አድማጭ የገጸ ባሕርያቱን መልክ ሳይቀር የወሰነ ተዋናይ ነው። በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ወጋየሁን መስማት ከሚታይ ፊልም አያንስም። ክርክሩም ዝግጁ ነው፦ በዛብህ ወይስ ሰብለ ወንጌል? ብዙ ወንዶች በዛብህን ይይዛሉ፤ የድሃ ልጅ ሆኖ የባላባት ልጅ መውደዱ ያስደንቃቸዋል። እኔ ግን ይህን ክርክር በሰብለ በኩል ሆኖ መግጠም እወዳለሁ። በዛብህ ሲሸሽ ሕይወቱን ለማትረፍ ነው፤ ግድ ነበረበት፤ ማንም አይፈርድበትም። ሰብለ ግን የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ ሠርቶ የሚያበላት፣ ውሃ የሚያቀርብላት ሰው ሞልቷል፤ ቤቷ ብትቀመጥ ሀገሩ ሁሉ ያመሰግናታል። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በማታውቀው መንገድ በእግሯ መውጣቷን ያዘዛት የለም። ያን ዘመን ለሚያውቅ ሰው ያች ከደጅ የወጣችበት ሰዓት ከብዙ የጦር ሜዳ ታሪክ ይበልጣል።

የክርክሩ ሥርዓት

ሥርዓቱ አጭር ቢሆንም ካልተጠበቀ ምሽቱ ወደ ቡና ቤት ጭቅጭቅ ይመለሳል። ስለ ጀግናው የሚናገረው ሰው አንድ ትዕይንት ብቻ ይመርጣል፤ ትዕይንቱ ከፊልሙ በኋላ እንደገና ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ንግግር ይጀመራል። እንደገና ማየቱን አትዝለሉት። ሰው አንድን ትዕይንት ከስንት ጊዜ በኋላ ሲያየው በትዝታው ውስጥ የጨመረውን ነገር ያገኛል፤ ያላስተዋለውንም ያያል።

ተቃዋሚው መልስ ከመስጠቱ በፊት የመጀመሪያው ተናጋሪ ያለውን በራሱ ቃል ደግሞ ይናገራል፤ ተናጋሪውም «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» ካላለ መልሱ አይሰማም። ይህ ደንብ በመጀመሪያ ጊዜ ያሰለቻል፤ ከጥቂት ምሽቶች በኋላ ግን ሰዎች እርስ በርስ መደማመጣቸውን ታያላችሁ። የተዋናዮችን የግል ሕይወት፣ ትዳርና ሐሜት ማንሣት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

በእኛ ባህል ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል፤ መልካም ነው፤ በፊልም ምሽት ግን ጋሼ አስቀድመው ፍርድ ከሰጡ ልጆቹ የልባቸውን አይናገሩም። ስለዚህ አስተናጋጁ ገና ቡናው ሲፈላ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ልጆቹ ይጀምሩና እርስዎ ይጨርሱልን» ወይም «እትዬ፣ የመጨረሻውን ቃል ለእርስዎ አቆይተናል» ብሎ በአክብሮት ያስፈቅድ። እንዲህ ተብለው የተቆጡ ታላቅ አላጋጠሙኝም፤ እንዲያውም የመጨረሻውን ቃል የሚጠብቁ ሰው ፊልሙን በይበልጥ አተኩረው ያያሉ።

በየምሽቱ አንድ ሰው ለባለጋራው ጠበቃ ይሁን። ለሾሌዩ ሽፍታ ለጋባር ሲንግ ጠበቃ የሆነ ሰው ክፋቱን ማስተባበል አይጠበቅበትም፤ ጋባርን የተጫወተው አምጃድ ካን በሳቁ፣ በአረማመዱና በዝምታው እንዴት አድርጎ እንዳስፈራን ቢያስረዳ በቂ ነው። ጀግናው ያን ያህል የከበደን ባለጋራው ስለከበደ ነው፤ ይህን የምሽቱ ሰው ሁሉ እንዲያየው ያስፈልጋል።

ወደ ዘጌ የሚደረግ ጉዞ

ቡድኑ ጥቂት ፊልሞችን ካየ በኋላ አንድ ቀን ወደ ዘጌ እንዲሻገር አጥብቄ እመክራለሁ። ይህን የምለው ቅዱሳንን ከፊልም ጀግኖች ጋር ለማወዳደር አይደለም፤ ያ ተገቢ አይሆንም። የምለው የጣና ገዳማት ሠዓሊዎች ታሪክን በሥዕል እንዴት እንደሚናገሩ ለማየት ነው፤ ካሜራ ከመፈጠሩ አስቀድሞ ተመልካቹ ማንን ማመን እንዳለበት በአንድ እይታ የሚያሳዩበትን ዘዴ ያውቁ ነበር። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን መቅደስ ዙሪያውን የሸፈኑትን ሥዕሎች ስታዩ ዓይኖቹን ልብ በሉ። በጥንቱ የሥዕል ልማድ ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች ግን በጎን ስለሚሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህን ካያችሁ በኋላ ወደ ፊልም ስትመለሱ ዳይሬክተሩ ማንን ፊት ለፊት፣ ማንን በጎን፣ ማንን በጥላ ውስጥ እንደሚያሳያችሁ መቁጠር ትጀምራላችሁ።

በጣና ዙሪያ ገዳማት ከሚሣሉት ታሪኮች መካከል የበላዔ ሰብእን በተለይ ፈልጉ። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው ይህ ሰው 78 ነፍስ የበላ ነው። አንድ ቀን በውሃ ጥም የተቃጠለ ድውይ በመንገድ ላይ አግኝቶ ሲለምነው፣ በእመቤታችን ስም ሲማፀነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን በሚዛኑ አንድ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ያ ጥርኝ ውሃ ሲቀመጥ፣ እመቤታችን ጥላዋን ጣል አድርጋበት ውሃው መዘነ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ታሪክ የምታስበው የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ለምእመናን ትርጉሙ የቃል ኪዳንና የምሕረት ነው፤ ታሪክ ለሚወድ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ነገር ያስተምራል፤ ረጅም የጥፋት ታሪክ በአንዲት ባልተገደደባት ሰዓት ላይ ሊዞር እንደሚችል ያሳያል። በዘመናችን ወንጀለኛውን ዋና ሰው የሚያደርጉ ፊልሞች ብዙ ናቸው፤ እነርሱን ለማየት ስትዘጋጁ ጥርኝ ውሃው የትኛው ትዕይንት ላይ እንዳለ ፈልጉ። የሌለበት ፊልም ካጋጠማችሁ፣ ጀግናውን ለምን እንደወደዳችሁት ደግማችሁ ጠይቁ።

ጉዞውን በተመለከተ፣ ከባሕር ዳር ወደብ እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚናወጥ ማለዳ መነሣት ይሻላል። ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ለተደባለቀ ቡድን የሚመች እርሱ ነው። ጫማ ይወለቃል፤ ፎቶ ለማንሣትም አስቀድሞ ይጠየቃል። ሥዕሎቹን የሚያስረዱትን አባት ሳታቋርጡ አዳምጡ፤ ትዕይንትን በቅደም ተከተል መናገር ከእርሳቸው የሚሻል አስተማሪ የለውም። ስትመለሱ ከሐይቁ ዳር ቀረሶ ጥብስ እየበላችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ሥዕል መርጣችሁ ሠዓሊው ከታሪኩ የትኛውን ቅጽበት እንደያዘና የትኛውን እንደተወ ተናገሩ።

መዝገቡ

ቡድኑ አንድ ደብተር ይኑረው። ለእያንዳንዱ ምሽት የፊልሙ ስም፣ የወጣበት ዓመት፣ የጀግናው ስም፣ የተዋናዩ ስም፣ የተመረጠው ትዕይንት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በመጨረሻም የተቃዋሚው ጠንካራ ነጥብ ይጻፍበት። ነጥብ ወይም ኮከብ መስጠት አያስፈልግም፤ ቁጥር ከተጻፈ ሰው ትዕይንቱን ትቶ ቁጥሩን ያስታውሳል። ድምፅ ብትሰጡም የተሸናፊው ጀግና ትዕይንት ከአሸናፊው እኩል ቦታ ይጻፍለት፤ በሌላ ዓመት፣ በሌላ ዕድሜ ስታነቡት ፍርዳችሁን የምትለውጡበት ብዙ ነው።

ቀጣዩን ፊልም የሚመርጠው በዚያ ምሽት ከተናገሩት ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው ይሁን፤ መርጦ ሲመጣ ግን ፊልሙን አስቀድሞ አይቶ፣ ለልጆች የሚከብድ ትዕይንት ካለ ለአስተናጋጁ ያሳውቅ። ቡናውን ደግሞ ባለፈው ምሽት የተረታው ያፍላ።